ስለ ፋይሉ መግለጫ ይጻፉ

ደግሞ ማጥፋቱ ምን ይከብዳል፣ አንድ የኮድ መስመር ናት፣ መምረጥ፣ መሰረዝ፣ ማስቀመጥ፣ ሦስት ጊዜ ጣት ማንሳት ነው፣ ሊዲ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያችው መስመር ላይ አፍጥጣለች፣ ሻዩም በረደ፣ አምስት ሰዓትም አለፈ፣ ጣቷ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም። እስከ ስድስት ሰዓት ብሏል አሮን። አለቃ ነው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲጽፍ አንደኛ ሁለተኛ እያለ ነው፣ ደንበኞች ፋይል በሚጭኑበት ገጽ ላይ የሚገኘው የመግለጫ ሳጥን ከዛሬ ስድስት ሰዓት በፊት እንዲነሳ በጥብቅ አሳስባለሁ፣ በጥብቅ፣ ኧረ ቀስ በል አቦ፣ በዚህ የሚሞት ሰው የለም።

የሚሞት ሰው የለም። አይ አፍ!

ገጹ የራሷ ሥራ ነው፣ ቀላል ይሁን ተባለች፣ ቀላል አደረገችው። ድሮ፣ ድሮም አይባል፣ ካቻምና፣ የዚህ የኮምቦልቻው ማተሚያ ቤት ደረጃ እግር አያጣም ነበር፣ ከደሴ ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣው፣ ፍላሹን ለሚኒባስ ረዳት አደራ ብሎ ሰጥቶ ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅሰው፣ ቴሌግራም ይሄን ያህል አልችልም አለኝ ብሎ ስልኩን የሚረግመው፣ ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ ይገባና ውሃ ስጪኝ ይላል፣ እሷም ፋይሉ እስኪገለበጥ ሃያ ደቂቃ ታስቀምጠዋለች፣ በሃያ ደቂቃ ስንት ነገር ይወራል። አሁን ሊንኩን መንካት፣ ፋይሉን መምረጥ፣ ላክ ማለት፣ አለቀ፣ አምስት ጊጋ ይሁን አሥር፣ መብራት እንኳ ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ደስ ይላል አይደል። ደረጃውን የሚወጣ ጠፋ። ማሽኖቹ ታች ይንጫጫሉ፣ ላይ እሷና አንድ ኮምፒውተር፣ በገዛ እጇ ሰውን ሁሉ በየቤቱ አስቀረችው፣ ጎበዝ ሊዲ፣ ስብሰባ ላይ አጨብጭበውላት ነበር እኮ።

አንዲት ሳጥን ብቻ ተወች፣ ስለ ፋይሉ መግለጫ ይጻፉ የምትል። ልኩን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ ብዛቱን ይጽፉባታል ብላ። የወሎ ሰው ባዶ ቦታ አግኝቶ ሰላም ሳይል ልክ ይጽፋል ብላ ማሰቧ፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋ! እንደምን አደራችሁ ብለው ጻፉ። አፊያ ናችሁ ወይ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል፣ ሀረጎ ዳገት ላይ ጉም ነው ወደ ደሴ የምትወጡ ተጠንቀቁ ብለው ጻፉ። ልኩን ረሱት። ጉዱን ያፈላው የረውዳ ባነር ነው፣ ረውዳ የሲሚንቶ ሱቅ ልትከፍት ነበር፣ ሰላም ናችሁ ወይ ልጆቹስ ደህና ናቸው ብላ ጽፋ ላከች፣ ታች ያሉት ደግሞ የማስታወቂያው ጽሑፍ መስሏቸው ሦስት ሜትር ባነር ላይ ከሲሚንቶው ሥር በትልቁ አተሙት፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው! ረውዳ እንኳ ስቃ ሰቀለችው፣ ገዢውም እያነበበ ደህና ናቸው፣ ይመስገን እያለ ይገባል አሉ፣ አሮን ግን አልሳቀም። በዚያ ላይ እዚያች ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ነው የፎልደሩ ስም የሚሆነው፣ ሰላምታው ሲረዝም የታቹ ኮምፒውተር አልከፍትም ይላል፣ ሥራ ይቆማል። ልክ ነው አሮን። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ጋሽ ሀፊዝስ። እሳቸውን ምን ታድርጋቸው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ፎቶ ቤት አላቸው፣ በየሳምንቱ ሐሙስ የሠርግ አልበም ይልካሉ፣ ሊንኩን በስልክ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት፣ ሰማያዊውን ይንኩት፣ የቱን ሰማያዊ ልጄ፣ ታች ያለውን፣ ታች ያለውማ የእኔ ጣት ነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሳሳቁ። ከዚያ በፊት ራሳቸው ይዘው ነበር የሚመጡት፣ አንድ ቀን እማዬ እዚያ ወንበር ላይ ነበረች፣ በሩ አጠገብ ያለው ላይ፣ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስትመለስ ሊዲ ከሥራ እስክትወጣ የምትጠብቀው እዚያ ነው፣ ፀሐይነሽ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አድርጋ፣ ቆዳዋ አጥንቷ ላይ ተጣብቆ። ጋሽ ሀፊዝ ከፌስታላቸው ብርቱካን አወጡ፣ ላጡ፣ ግማሹን ለእሷ ግማሹን ለራሳቸው። ጌታ ይባርክዎት አለች እማዬ። አሚን አሉ። እርስዎንም አላህ ያሽርዎት አሉ። አሜን አለች እማዬ፣ ቸርች ውስጥ እንደምትለው ጮክ አድርጋ፣ ታች ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ሙሽራ ፎቶ ቢልኩ ሳጥኗ ላይ አንድ ነገር ነው፣ ሊዲ ልጄ አፊያ ነሽ ወይ፣ እናትሽ ተሻላቸው ወይ፣ አላህ ያሽራቸው።

እማዬ ጥቅምት ላይ አረፈች። በአራተኛው ቀን ሊዲ ሥራ ገባች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ የመጀመሪያው ፎልደር፣ እናትሽ ተሻላቸው ወይ። ምን ትበል። ገጹ መልስ መጻፊያ የለውም፣ ፋይልዎ ደርሷል እናመሰግናለን ነው የሚለው፣ እሱንም ራሱ ነው የሚልከው። ደርሷል፣ እናመሰግናለን። ጋሽ ሀፊዝም እሺ ብለው በሳምንቱ ደግመው ጠየቁ። ልደውል ብላ ቁጥራቸውን አወጣች፣ አስቀመጠች። ነገ። ከነገ ወዲያ። አሁን ግንቦት ነው። ሃያ ስምንት ፎልደር ቆጥራለች፣ ሃያ ስምንት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሰው ለሞተች ሴት ምሕረት ሲለምን ቁጭ ብላ አነበበች፣ መርዶ ደብቃ፣ ሼም አይደለም እንዴ፣ እማዬ ብትሰማ ምን ትል ነበር።

የቸርች ሰዎች መጥተው ነበር፣ አይዋሽም፣ ዘመሩ፣ አጽናኑ፣ ምግብ ይዘው መጡ፣ ጌታ ጋ ናት እኮ ሊዲ፣ አሁን አያማትም። ታምናለች። አሁን አያማትም፣ ልክ ነው፣ ስለዚህ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሞተ ሰው እንዴት ነው አይባልም፣ ሊዲንም ሲያዩዋት በርቺ ይሉና ያልፋሉ፣ ማታ ቤቷ ገብታ መብራት ስታበራ ከወዲያ ክፍል መጣሽ የሚል የለም። እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻ እማዬ አሁንም ታማ ተኝታለች፣ አሁንም ሊሻላት ይችላል። ይቺን ነው አሮን አንሺ የሚላት።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ። ትመርጣለች። ትሰርዛለች። ታስቀምጣለች። ገጹ ጸዳ፣ ያምራል እንኳ፣ ፋይል ይምረጡ፣ ይላኩ፣ በቃ። ተነስቷል ብላ ለአሮን ትጽፋለች፣ አሮን አውራ ጣት ይልክላታል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፋይል መግባት ይጀምራል፣ ከደሴ፣ አራት ጊጋ፣ አሥር በመቶ፣ ሠላሳ፣ ቆመ፣ መብራት ሄዶባቸው ይሆናል፣ ቀጠለ፣ ሰባ፣ መቶ። የፎልደሩ ስም ተራ ቁጥር ብቻ ሆኗል፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ትከፍተዋለች፣ ሙሽሪት፣ ሙሽራው፣ ሚዜዎች፣ ሌላ ምንም የለም። አራት መቶ አሥራ ሰባት። እንግዲህ ይኸው ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም፣ ራስሽ ነሽ ያጠፋሽው።

ስልኩ ይጮሃል።

ሊዲ ልጄ፣ ፋይሉስ ሄደ፣ መጻፊያይቱ የት ገባች። ተነሳች ጋሽ ሀፊዝ፣ ቀላል እንዲሆንላችሁ ተብሎ ነው። ቀላልስ ቀለለ፣ ታዲያ እናትሽን የት ላይ ልጠይቅሽ ነው።

ደህና ናት ማለት ይቻላል። ሦስት ቃል ነው፣ ይመስገን ደህና ናት፣ ሳጥንም አያስፈልግም፣ በየሐሙሱ ይደውላሉ፣ እማዬም በየሐሙሱ ደህና ትሆናለች፣ አፏ ላይ ደርሷል፣ ደህና፣ ያቺ ጮክ ያለችው የእማዬ አሜን ትመጣባታለች፣ ጋሽ ሀፊዝ፣ ትላለች፣ እማዬ እኮ አርፋለች።

ምን አልሽ።

ጥቅምት ላይ።

ከወዲያ የሆጤ ባጃጆች ጥሩምባ ይሰማል። ኢናሊላሂ ይላሉ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ድምፃቸው ይነሳል፣ ወላሂ ሊዲ ምን በደልኩሽ፣ ሰባት ወር ሙሉ ያሽራቸው ስል እያነበብሽ ዝም፣ አንድ ብርቱካን የተካፈልን ሰዎች፣ ለቅሶ እንኳ አታስደርሽኝም፣ ባዕድ ነኝ ወይ። አይደለም ጋሼ፣ አይደለም፣ የሚጠይቀኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው፣ ከነገርኩዎት እርስዎም ይተዉታል ብዬ ነው፣ ትላለች፣ ተናግራውም አታውቅ፣ ለራሷም ብላው አታውቅ፣ ከዚያ ለቅሶዋ ይመጣል፣ ቢሮ ነው አትልም፣ ታች ይሰማሉ አትልም፣ ትንሰቀሰቃለች።

እሳቸው ስልኩን አይዘጉም። እስክትጨርስ ይጠብቃሉ።

ቢሮ ነሽ፣ ይላሉ። አዎ። እዚያው ቆይኝ። ኧረ ጋሼ አይልፉ፣ ሩቅ ነው፣ በስልክም ደርሰውኛል። አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ በሊንክ አይጫንም፣ ሱቁን መዝጋቴ ነው፣ አብሽሪ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ሀረጎን እስኪወርድ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፊቷን ትታጠባለች። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የወረቀት እሽግ ተከምሯል፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ራሷ ናት የከመረችው፣ አንድ በአንድ ታወርደዋለች፣ አቧራውን በመዳፏ ትጠርጋለች። እሳቸውን እዚህ ላይ ታስቀምጥ ይሆን፣ አይሆንም። የራሷን ወንበር ጎትታ ለእሳቸው ታስተካክላለች፣ እሷ የእማዬ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ሐዘንተኛ እንደሚቀመጠው፣ ፊቷን ወደ ደረጃው አድርጋ።