ኋላ ወንበር ላይ የቀረው

ጋሽ ልሳኑ ከታክሲያችን ሲወርዱ ትዝታቸው ሳይወርድ ቀረ። ኋላ ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ቁመቱም ኮቱም እንደሳቸው ነው። ቦታ አይዝም፤ ሰው ይቀመጥበታል። የተቀመጠበት ሰው ግን "እዚህ ጋ ይበርዳል" ይላል።

እኔ ከመገናኛ ኮተቤ የምትሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ሹፌር ኋላውን አያይም፤ የሚነዳው በረዳቱ ድምፅ ነው። ያን ቀን ጋሽ ልሳኑ አንድ እግራቸው መሬት ደርሶ፣ ሌላው በሩ ላይ እያለ "ሳብ!" አልኩ። ከኋላችን ሌላ ታክሲ ይመጣ ነበር፤ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ቀድሞን ሰው እንዳይጭን ነው። ታክሲው ተነሳ፤ ወደቁና ጭንቅላታቸው የመንገዱን ጠርዝ መታው። ለትራፊክ ፖሊሱ "ታክሲው ሳይቆም ዘለው ነው" አልኩት። ጻፈው።

ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ስለሆንኩ ሚስታቸው እማማ ትርፌ እንደ መልአክ ያዩኛል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ሳልበላ አይለቁኝም። ሐኪሙ አንጎላቸው ላይ የተጎዳው ቦታ አይመለስም ብሏል። ጋሽ ልሳኑ በየአምስት ደቂቃው ይተዋወቁኛል።

"ማን ልበል?"

"አብነት ነኝ ጋሼ።"

"ጎሽ። እኚህ ሴትዮስ? ደግ ናቸው፤ የማን ቤት ነው?"

እማማ ትርፌ ከኚህ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖረዋል። ተነስተው ጓዳ ይገባሉ። ጓዳ ውስጥ ምንም ሥራ የላቸውም።

ታክሲው ውስጥ ያለው ግን ሁሉን ያውቃል። የሠርጋቸውን ቀን ዝናብ፣ የሞተችውን ልጃቸውን ስም፣ የኔንም ድምፅ። መጀመሪያ አንቱ አልኩት። "አንቱ እሱ ነው" አለኝ፤ ተውኩት።

"ለምን አትወርድም?" አልኩት፣ ታክሲው ባዶ ሲሆን።

"ሳብ ብለሃላ።"

"እሺ፣ አሁን ወራጅ አለ ልበል?"

"ያደረግከውን ለትርፌ ንገራት። ከነገርካት አብረን እንወርዳለን። ካልነገርካት አንዳችን እንቀራለን።"

"ማንኛችሁ?"

"እኔ አልመርጥም" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ትርፌን "ትንሽ ዞር ላድርጋቸውና ላምጣቸው፤ ፌርማታው ላይ ይጠብቁን" አልኳቸው። ጋሽ ልሳኑን ወስጄ ከትዝታቸው ጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱ ሰላም ተባባሉ። ለእማማ ከመናገሬ በፊት ልለማመድ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ የጣልኩዎት።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ሆን ብለህ?"

"አይደለም። ግን ዋሽቻለሁ።"

"በል እግዜር ይቅር ይበልህ። አታልቅስ፤ ረዳት ሲያለቅስ ተሳፋሪው ይጨነቃል።"

ፊቴን ጠረግኩ። ያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። ላምበረት ስንደርስ "ማን ልበል?" አሉኝ።

ፌርማታው ላይ እማማ ትርፌ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመዋል። በሩን ከፈትኩ። አፌንም ከፈትኩ።

"ተባረክ የኔ ልጅ! ዛሬ እንደለመድከው ሽሮ አይደለም፤ ዶሮ ነው የሠራሁት።"

"ደርሰናል እማማ" አልኩ። ሌላ አልወጣኝም።

ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሳ። "ትርፌ፣ ደመናውን እያየሽ ጃንጥላ ሳትይዢ ወጣሽ አይደል?" አለና ወረደ። እማማ እልል አሉ። እጁን ይዘው ሄዱ፤ ወደ ታክሲው ዞረው አላዩም።

"ጨረስክ?" አለ ሹፌሩ።

ጋሽ ልሳኑ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ሳብ" አልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ልሳኑን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ ከአጥሩ አላለፍኩም። መስኮቱ ክፍት ነው። እማማ ትርፌ ማዕዱ ላይ የተቀመጠውን ትዝታ ጠቅልለው አጎረሱት። አፉ ባዶ ነበር፤ አላላመጠም። አጠገቤ ጋሽ ልሳኑ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ።

"እጇ ይባረክ" አሉኝ። "ማን ናት?"

ከውስጥ እማማ ትርፌ "አንድ ያጣላል!" ሲሉ ተሰማ። ጋሽ ልሳኑ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፈቱ።