ሃንገፋዋ

ጋዲሴ አገጯን በነጠላዋ እንደሸፈነች የአልትራሳውንዱን ስክሪን አየች። በእንቁልጢዋ ዳር ዳር ጥቃቅን ጥቋቁር ከረጢቶች ታጭቀዋል፤ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ወጥቶ ሳያድግ የቀረ ድንች ይመስላሉ።

«እንቁላሉማ ሞልቷል፤ የሚበስል ነው የጠፋው» አለች ሐኪሟ። «በደምሽ ኢንሱሊን በዝቶ የእንቁልጢሽን ሴሎች ይቀሰቅሳቸዋል። እነሱም የወንድ ሆርሞን ከልክ በላይ ያመርታሉ። የወር አበባሽን ያዛባው፣ አገጭሽ ላይ ጠጉር ያበቀለው እሱ ነው። መድኃኒት አለው። መካን አይደለሽም፤ ልትወልጂ ትችያለሽ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። ጋዲሴ ግን ደነገጠች። ዛሬ ከሰዓት ጎጆ ከተማ፣ የባሏ የለሜሳ ሟች እህት ሕፃን ልጅ ሃቦኔ በጉዲፈቻ ለእሷ ልትሰጥ ነው። ሕፃኗን ጊንጪ ያለች አክስቷም ስትለምን ከርማለች። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ለጋዲሴ ያደሉት መካን ናት ብለው ነው። የሐኪም ቃል አምጪ ያሏትም ለወጉ ያህል ነበር።

ሚኒባሱ ከአምቦ ሽቅብ ወደ ጎጆ ሲያንገጫግጫት አሰበችበት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። የሐኪሟ ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሃቦኔ ግን ጥርስ አውጥታለች፤ ጋዲሴን ስታይ ትስቃለች። መካን ነሽ አሉኝ እላለሁ ብላ ቆረጠች። ስትወርድ ብርዱ ጆሮዋን ቆነጠጣት።

ሽማግሌዎቹና የጊንጪዋ አክስት በተቀመጡበት ቤት ሕፃኗን ሲያስታቅፏት ነጠላዋ ከአገጯ ወረደ። በየጠዋቱ የምትነቅለውን ጠጉር ዛሬ በጥድፊያ ትታዋለች። ሃቦኔ አገጯን ዳሰሰችና ጠጉሩን ጨበጠች። ጋዲሴ አፈረች፤ እጇ ስለተያዘ ግን መሸፈን አልቻለችም።

«ልጄ፣ ሐኪም ምን አለሽ?» አሉ ሽማግሌው ኦቦ ፉፋ።

ለሜሳ መሬት መሬቱን ያያል። ውሸቱ ጋዲሴ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ሕፃኗ ግን ዓይን ዓይኗን ታያታለች፤ እሷን በውሸት መቀበል አስጠላት።

«ልትወልጂ ትችያለሽ አሉኝ፣ ኦቦ። ብወልድም ሃንገፋዋ፣ የቤቴ በኩር፣ ይቺ ናት። የሚመጣው ታናሿ ነው።»

ለሜሳ ቀና ብሎ አያት። የጊንጪዋ አክስት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ሕፃኗ ሁለት እጇን ዘረጋች። ኦቦ ፉፋ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቁ አዩ።

ሃቦኔ ጠጉሩን ሳበችው። ጋዲሴን አመማት፤ ግን አላስለቀቀቻትም።