የያሪክ ሦስተኛ ፎርፌ

ዋሊንዳ ውስጥ፣ “ያሪኮች በዚያ ቅዳሜ ለእግር ኳስ ጨዋታ አልመጡም” ይባላል። ያሪክ ውስጥ ደግሞ፣ “መጥተን ነበር” ይባላል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የስንዴ ሜዳ ተለያይተው ይህን ክርክር ለልጅ ልጅ አቆይተውታል።

የዋሊንዳው ክላሪ ከሞተ ወዲህ በሴት ልጁ በግሌኒስ ቤት የሚወራው የዋሊንዳው ብቻ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ኬክና ሳንድዊች ይዞ ይገባል፤ ሻይ ይቀዳለታል። ከዚያ ክላሪ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሳለ ዘጠኙን ክለቦች ስምንት አድርጎ ሊጉን ከመፍረስ እንዳዳነ ያነሳል። ዘጠኝ ሲሆኑ በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል፤ ያረፈው ከመግቢያ ትኬትም ከቢራ ሽያጭም ገቢ የለውም። ግሌኒስ “አዎ” ትላለች፤ ዓይኗን ግን ከማንቆርቆሪያው አታነሳም።

የሊጉ ጸሐፊ ሮስ የምሥራች ይዞ መጣ። የሊጉ ዋንጫ በክላሪ ስም እንዲጠራ ተስማምተዋል፤ ዓርብ በቀብሩ ላይ ለማወጅ የቀራቸው የቤተሰቡ እሺታ ነው።

“ሞቶም አላሳረፈንም፤ ስብሰባ አስጠራን” ሲል ሮስ፣ ሰዉ ሳቀ።

ሳቁ ሳያበቃ የያሪኳ ቤሪል ስኮን የሚሉትን ትንንሽ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ሸፍና ገባች። ሰዉ ወደየስኒው አቀረቀረ።

“በርቺ ልጄ” አለቻት ግሌኒስን። “እህል ቀመስሽ?”

ግሌኒስ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

በዚያ ቅዳሜ ወጣት ነበረች፤ ዋሊንዳ ሜዳ ላይ ከአባቷ አጠገብ ቆማለች። ያሪክ ተጫዋች አጥቶ ሁለቴ ፎርፌ ሰጥቷል፤ ሦስተኛው ከሊጉ ያስወጣል። የጨዋታው ሰዓት ሊደርስ ሲል በያሪክ መንገድ ላይ አቧራ ተነሳ።

“አባዬ፣ እየመጡ ነው።”

ክላሪ የዳኞቹን ልብስ እቤቱ ወስዶ የሚያጥብ፣ የማንም ልጅ ሜዳ ላይ ሲጎዳ ሆስፒታል ድረስ የሚያደርስ ሰው ነበር። አቧራውን ትክ ብሎ አየው።

“ነፋስ ነው” አለና ሰዓቱ መድረሱን የሚያሳውቀው ሳይረን እንዲነፋ በእጁ አመለከተ።

አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበር። ማሊያቸውን እንደለበሱ ከእህል መኪና ላይ ሲዘሉ፣ ክላሪ በሩ ላይ ጠብቆ አምበላቸውን ጨበጠውና ሕግ ሕግ ነው አለው። ከዚያ ወዲህ ክላሪ ያሪክን ዞሮ በሚያልፈው በረጅሙ መንገድ ነበር የሚሄደው።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሮስ የዋንጫውን ነገር ለቤሪል ነገራትና ምን እንደምትል ጠየቃት።

“እኔ ምን እላለሁ?” አለች፣ ስኮኑን እየደረደረች። “ክለብ ስለሌለን የልጅ ልጄ ለእናንተ ነው የሚጫወተው። ካሸነፋችሁ እሱም ዋንጫውን ይስመዋላ።”

ያለ ክፋት ነው ያለችው። ግሌኒስን ያቃጠላትም ይኸው ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና፣ አቧራውን አባቷም እሷም እንዳዩት፣ ነፋስ እንዳልነበረ ተናገረች። አንዱ፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት ብሎ አንሾካሾከ። የቤሪል እጅ ስኮኑ ላይ ቀረ።

“ሐዘን አይደለም” አለች ግሌኒስ። “ሮስ፣ ዓርብ ምንም እንዳታውጅ። ዋንጫው በአባቴ ስም አይጠራም።”