ቀበሌው ከመናገሩ በፊት

የቀበሌው አምፕሊፋየር የተቃጠለችው ሐሙሲት ከተማ፣ ሰርግ ላይ ነው። አባቴ ኑሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ቀበሌው ገመዷን እንዲያዩለት ሰጥቷቸው ነበር። የሙሽራው አባት ዘመዳቸው ስለሆኑ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም፤ ለአንድ ቀን አዋሷቸው። መንዙማ ሲባልባት የሰርጉ ጄኔሬተር አነደዳት። በዚያ በደርግ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር አሻጥር ይባል ነበር። በአሻጥር ተወስዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ በሰፈራችን አላየንም።

አባቴ የራሳቸውን አሮጌ አምፕሊፋየር ሆድ ዕቃ አውጥተው በቀበሌው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ሳጥኑ ያው ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። ደብረ ታቦር ደግሞ የዚያችን ሳጥን ድምፅ እንደ ጎረቤት ሳል ታውቀዋለች።

«ራቢያ፣ በሩ ላይ ቁሚና ስሚልኝ» አሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ጓዶች!»

ሱቃችን ሁልጊዜ የሚጮህበት ስለሆነ ማንም ዘወር አላለም።

«ቀጠነ፣ አባ። የዚያኛዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ነበር።»

አንዱን ሽቦ ነቅለው ሌላውን በየዱ። «አሁንስ?»

«አፍንጫ አፍንጫ ይላል እንጂ ቀርቧል።»

«የቀበሌው ሊቀመንበር አፍንጫ ነዋ!»

ሳቄን መጨረስ አልቻልኩም። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

ሲመሽ ድምፁ ተመሳሰለ። የቀረው ማጉረምረሙ ነበር። የድሮዋ ሲከፍቷት፣ ሰው ከመናገሩ በፊት እምምም ትል ነበር።

«እሱንም ያስገቡበት፣ አባ።»

«ማጉረምረም እኮ በሽታ ነው! ኑሩ የነካው ያጉረመርማል ሊባል ነው?»

«ማን እንደነካው እንዲታወቅ ይፈልጋሉ?»

እሺ አላሉኝም፤ ማጉረምረሙን ሳያስገቡ ሳጥኗን ዘጉ።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። አባቴ ሳጥኗን ቀበሌው ደጃፍ ከተሰቀለው የድምፅ ማጉያ ጥሩምባ ጋር አገናኙ። እኔ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታሁን ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ጓዶች! ከሰዓት ስብሰባ አለ!»

ገበያው አልቆመም። ገብስ ሰፋሪው ይሰፍራል፤ በግ ሻጩ ይከራከራል። በሌላ ቀን ገና እምም ስትል የሰፋሪው ጣሳ አየር ላይ ይቀር ነበር።

«ሰዉ ምን ሆኗል?» ፈንታሁን ሳጥኗን በመዳፉ መታ፤ ጆሮውን አስጠጋ። «ጓድ ኑሩ፣ ይቺን ምን አደረጓት?»

የአባቴ አንገት በላብ ራሰ። እጃቸው ወደ ሳጥኗ ጀርባ ሄደ። ዕድሜ ልካቸውን፣ እንዳያጉረመርም ብለው፣ ለሰው ሲያጠብቁ የኖሩትን የመሬት ሽቦ ሲያላሉ አየሁ።

እምምምም።

ጣሳው ቆመ። የበጎቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«እህ፣ ነቃች!» አለ ፈንታሁን። ስብሰባውን ለፍፎ ሲያበቃ ፊቱን አጨማደደ። «ማጉረምረሟ ግን በዛ። ዛሬውኑ ወደ ሱቅ ይውሰዷትና ይክፈቷት። የተበላሸውን ሁሉ ይቀይሩ።»

ሳጥኗን ለሁለት ይዘን በገበያው መሃል አለፍን።

«ሁሉን ይቀይሩ አለ። ሰምተሻል?» አሉ አባቴ በቀስታ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምስክሬ ነሽ። ከእንግዲህ ሆድ ዕቃዋ ሌላ ቢሆን በእሱ ትእዛዝ ነው።»

ፈገግ ብለው ነበር። እኔ ግን ሱቁ ደርሰን በሩን እስክንዘጋ ድረስ እየዞርኩ ጥሩምባውን አየው ነበር።