የማሮት ልጅ ክርስትና

እመቤት ኤደሊን ሁለት ባል ቀብራለች፤ ሁለቱንም በወጉ አልቅሳላቸዋለች። የመጀመሪያው የአባቷን ወፍጮ ሸጦ የአደን ጭልፊት ገዛበት። ሁለተኛው ጫካዋን ሸጦ የፈረስ ግጥሚያ ደገሰበትና በዚያው ግጥሚያ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ከአባቷ ርስት የተረፋት የቦሴ ግንብና ከግንቡ ሥር እስከ ወንዙ የሚወርደው የወይን ተክል ብቻ ነበር። ያንን ለሦስተኛ ባል ላትሰጥ ምላለች።

ንጉሡ ግን የሴት መሐላ አይሰማም። ዘመዱ ኤደሊን ያለ ባል ያን የመሰለ ወይን ይዛ መቀመጧ እንቅልፍ ነሳው። ባል ማግኘቱም ቀላል አልነበረም፤ የንጉሡ ወገን እርስ በርሱ ሲጋባ ስለኖረ ጳጳሳቱ እንደ ሕጉ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሁሉም አያት አንድ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። በመጨረሻ ከዘመድነት የጸዳ አንድ ሰው ከደቡብ ተገኘ፤ መስፍን ጎቲዬ።

ጎቲዬ ሦስት ሚስቶች የቀበረ፣ ድምፁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ፣ አፍንጫው ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ስድስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወንድ የለውም። ይህን ሳያነሳ እህል አይወርድለትም። ቦሴ በደረሰ ማግስት በርሜሉን ሁሉ በዱላው እያንኳኳ ይቀምስ ጀመር። ኤደሊን ወገብ ላይ የተንጠለጠለውን የጓዳ ቁልፍ አይቶም፣ ይህ ለሴት ይከብዳል ብሎ አዘነላት። ሠርጉ ለእሁድ ተቆርጦ ነበር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ዓርብ ዕለት ጎቲዬን ተከትላ የመጣችው ልብስ አጣቢዋ ማሮት ጋጣው ውስጥ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የማን እንደሆነ ለማወቅ አፍንጫውን ማየት በቂ ነበር። ጎቲዬ ግን የነገ ወዲያ ሙሽራ ነውና ያልሰማ መሰለ።

ኤደሊን ሕፃኑን ስታይ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ክርስትና ላንሳልሽ?» አለቻት።

«ኧረ እመቤቴ፣ እኔ ማን ሆኜ?» አለች ማሮት።

«የእናትነቱን አንቺ ያዢ። አባቱን እኔ አመጣዋለሁ።»

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ጎቲዬም የግብዣው የአሳማ ጥብስ ስለሸተተው መጣ፤ ለአጣቢ ልጅ እንኳ የምትራራ ሴት ለባሏ እንዴት ትገራ ይሆን እያለ በልቡ ደስ አለው። ኤደሊን ልጁን ከጥምቀቱ ውሃ ተቀብላ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ከዚያ እንደ ዋዛ ወደ ቄሱ ዞረች።

«ምን ያደርጋል አባ ኦዶን፣ ይህን የመሰለ ወንድ ልጅ አባቱ የጋጣው አለቃ፣ ባልደራሱ ነው ይላሉ። እዚህ አገር ወንድ መውለድ የሆነለት እሱ ብቻ ነው።»

የጎቲዬ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ማን? ያ ገጣጣ?» አለ፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። «ይህን አፍንጫ እዩት እንጂ። ልጁ የኔ ነው። በመስቀሉ እምላለሁ፣ የጎቲዬ ልጅ ነው።»

አባ ኦዶን መቁጠሪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እንግዲያው እርስዎና እመቤት ኤደሊን አበልጅ ሆናችሁ» አሉ። «አበልጅ ከአበልጁ አይጋባም። ሠርጉ ቀርቷል። ተሳስቼ ነው የሚሉ ከሆነ ግን ልጁ የእርስዎ አይደለም ማለት ነው፤ ይምረጡ።»

ኤደሊን ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ይህ ሰው አንዲት ቃል ቢያጥፍ ቦሴ ከእጇ ትወጣለች፤ ልጁም አባት አልባ ሆኖ ይቀራል፣ ጦሱም የእሷ ነው። ይህን ሁለተኛውን ቀድማ ስላላሰበችው አፈረች።

ጎቲዬ በተከፈተው በር ወደ ወይኑ አየ። ረድፉ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ፍሬው ጠቁሯል። ምራቁን ዋጠ። ሕፃኑ አነጠሰ፤ ከዚያች ሚጢጢ ደረት ይወጣል የማይባል ማነጠስ ነበር።

«የኔ ነው» አለ ጎቲዬ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። «ስጪኝ።»

እጁን ዘረጋ፤ ግን እንጨት እንደሚሸከም ሰው ነበር የዘረጋው። ስድስት ልጆች ወልዶ እንዴት እንደሚታቀፍ አያውቅም። ኤደሊን ክንዱን አጠፍ አድርጋ፣ የልጁን ራስ ክርኑ ላይ አሳረፈችለት። ጎቲዬ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ሲያየው ቆየ።

«ሴቶቹ ልጆቼም እንዲህ ነበሩ?» ሲል ጠየቃት።

«እንዲህ ነበሩ፣ አበልጄ» አለችው።