አመሻሽ ላይ የሚቀዘቅዘው ሳጥን

ሽቦ ያድጋል እንዴ? ጠዋት አንሶ ማታ ይጨምራል? መምህር አቤሴሎም፣ ያን ሁሉ ዓመት ሮቤ ላይ ፊዚክስ ያስተማረ ሰውዬ፣ ሳጥኑ ፊት ተንበርክኮ ራሱን የሚጠይቀው ይህንን ነበር። ግራ ገብቶታል። ግራ መግባቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ሚስቱ ኤደን ከኋላው ቆማለች።

«እህ? ምን አገኘህ?»

«ቆይ እስቲ።»

«ቆይ ቆይ ስትል አይደል የፊተኞቹም ያለቁት!»

እውነቷን ነው። የእንቁላል ማስፈልፈያውን ሳጥን ከጣውላ የሠሩት አብረው ነው። የፊተኞቹ እንቁላሎች ብርድ መትቷቸው ሲቀሩ ኤደን እንደ ልጅ አለቀሰች። «በሮቤ ብርድ ጫጩት!» እያለ ሰፈሩ ሲስቅባት ችላ፣ እንደገና ደረደረች። «ይኼም ከቀረ ሳጥኑን ፈልጬ አነደዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዶሮ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ» ብላዋለች። አሁን ሊፈለፈሉ ትንሽ ነው የቀራቸው። ሳጥኑ ግን ቀኑን ደህና ሞቆ ይውልና፣ አመሻሽ ላይ በረዶ ይሆናል። የቸገረ ነገር!

የማሞቂያውን ሽቦ የጠመጠመላቸው ጎባ የጥገና ሱቅ ያለው ሻፊ ነው። አቤሴሎም ከትምህርት ቤት መለኪያ ተውሶ ጠዋት ለካ። ሶኬቱ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ በሽቦው የሚያልፈው ሁለት አምፔር። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍል መቶ አሥር ኦም፤ ልክ ሻፊ እንደነገረው። ሁለቱን ሲያባዛ አራት መቶ አርባ ዋት። ምን ይወጣለታል! አመሻሽ ላይ ደግሞ አምፔሩን ብቻ ለካ። ቮልቱንማ ጠዋት ለክቶታል፣ ሶኬቱ የትም አልሄደ። አንድ ነጥብ አራት። ሁለት መቶ ሃያን ለአንድ ነጥብ አራት ሲያካፍል፣ መቶ ሃምሳ ሰባት ኦም ወጣ!

ሽቦ ሲግል ኦሙ ከፍ ይላል ቢሉት ይገባዋል፤ ለተማሪዎቹም ነግሯል። ይኼ ጉደኛ ግን የሚጨምረው ሲቀዘቅዝ ነው። ደጋግሞ አሰላ፣ ያው ነው። ነገሩ አልፈታ ሲለው ምን ያድርግ፣ ሰው ጠረጠረ። ጎባ ድረስ ሄዶ ሻፊን በደንበኞቹ ፊት፣ «ያረጀ ሽቦ ጠምጥመህ ሸወድከኝ» አለው።

«ወላሂ አዲስ ነው መምህር!»

«ቁጥር አይዋሽም።»

ሻፊ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ሥራው ዞረ። አቤሴሎም ሲመለስ፣ ገና ሚኒባሱ ውስጥ ሳለ ነው ነገሩ የከነከነው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እንግዲህ ዛሬ አመሻሽ ላይ ሽቦውን ሊፈታው ተንበርክኳል። እጁን ከመስደዱ በፊት፣ ምናልባት መለኪያው ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ሶኬቱ ላይ ሰካው። መቶ ዘጠና ስምንት ቮልት አለው። «ይኼስ ደግሞ ምንድነው?»

ኤደን የሳጥኑን ቴርሞሜትር አየችና መስኮቱን ከፍታ ተጣራች። «እማማ! ዛሬም ሊበርዳቸው ነው!»

«አለሁ ልጄ! እየጣድኩ ነው!» አሉ እማማ ወለተኢየሱስ ከጓሮ። እማማ እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የራሳቸው ቆጣሪ ስለሌላቸው ለመብራታቸውም ለኤሌክትሪክ ምድጃቸውም ኃይል የሚያገኙት ከእነ አቤሴሎም ቤት በተሳበ መስመር ነው።

ቁጥሩ አቤሴሎም ዓይን ሥር ወረደ። መቶ ሃምሳ አራት። አምፖሉ ብልጭም አላለ። የድሮው አምፖል ቢሆን ቀላ ብሎ ይነግረው ነበር፤ ይኼ አዲሱ ግን ምስጢር ይይዛል።

«ምንድነው እማማ የሚጥዱት?» አለ ወደ ኤደን ዞሮ፣ ቀስ ብሎ።

«ውሃ ነዋ! ሳጥኑ በቀዘቀዘ ቁጥር ያፈሉልኛል፣ በጀሪካን አድርጌ እንቁላሎቹ አጠገብ አስቀምጣለሁ። አንተ ከመለኪያህ ጋር ስትሟገት ማን የረዳኝ መሰለህ?»

አቤሴሎም አምፔሩን ለካ። አንድ ነጥብ አራት። መቶ ሃምሳ አራትን ለአንድ ነጥብ አራት ሲያካፍል፣ መቶ አሥር! ሽቦው አላደገም፣ አላረጀም። እሱ ነው የጠዋቱን ቮልት ለማታው አምፔር ሲያካፍል የከረመው። ሙቀቱን ለማወቅ ሁለቱን ሲያባዛም ከጠዋቱ ግማሽ አልሞላም። ጫማ ሳያደርግ ወደ ጓሮ ሮጠ።

«እማማ! ምድጃውን ያጥፉት!»

«ምን ሆንክ ልጄ? ለእንቁላሎቹ እኮ ነው። የራሴን እራት እንኳ አልጣድኩም።»

«አውቃለሁ እማማ። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲጥድ ቮልቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለሁለታችን ደግሞ የሚመጣው በአንድ ቀጭን መስመር ነው። የእርስዎ ምድጃ ሲስብ የኛ ሳጥን አቅም ያጣል። ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርስዎ ይጥዳሉ።»

እማማ ድስቱን እንደያዙ ቀሩ። «ለካስ ስረዳቸው ስገድላቸው ነው የከረምኩት!» ብለው እንባቸው መጣ። ኤደን ሮጣ አቀፈቻቸው። ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ ውሃው በከሰል ሆነ፣ ሳጥኑም አልበረደም።

አቤሴሎም ለሻፊ ደወለ። «ሻፊ፣ ተሳስቻለሁ፤ ሽቦህ ደህና ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«በሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ መምህር» አለ ሻፊ። «በሰው ፊት ይምጡ።» ዘጋው።

እንቁላሎቹ ፈነዱ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ኤደን ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች ለማሳየት በቂ ነበሩ። በማግስቱ አቤሴሎም ጫጩቶች በካርቶን ይዞ ጎባ ሄደ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ሻፊ ቀና ብሎ አየውና ሥራውን ቀጠለ።

አቤሴሎም ጉሮሮውን ጠረገ። «ያን ቀን... ቮልትና አምፔር በአንድ ሰዓት ነው መለካት ያለባቸው። እኔ ደግሞ ቮልቱን ጠዋት፣ አምፔሩን...» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አስተማሪው ላብ አጠመቀው። ካርቶኑ ውስጥ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ።

«ማል ጄዳ? ምን እያለ ነው?» አሉ ራዲዮ ሊያሠሩ የመጡት ኦቦ ባዳሳ። «ባጭሩ ንገረና፣ መምህር!»

«ባጭሩ ሻፊ አልሸወደኝም» አለ አቤሴሎም። «የሸወድኩት ራሴን ነው። ስሙን ያጠፋሁት በከንቱ ነው።»

ሻፊ መፍቻውን አስቀመጠ። ካርቶኑን ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ አየና፣ በእግሩ በርጩማ ወደ አቤሴሎም ገፋለት።