ስድሳ ላይ የሚናገር ቁልፍ

ሸዋነሽ ወረታ ገበያ ላይ ሩዝ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል። ሚዛኗን የሚጠራጠር የለም፤ ከሌላ የገዛ ሰው ሳይቀር እሷ ዘንድ መጥቶ ያስመዝናል። ባሏ ደስታው ከሞተ ወዲህ ግን ሰው በሚዛኗ ሲያሞግሳት ጆንያ የምታስር መስላ ታቀረቅራለች። ሌላው የማያውቀውን ታውቃለቻ።

ደስታው የሞተው አምና በሩዝ አጨዳ ነው። ሞተር ሳይክሉን ይዞ ወደ ይፋግ ሲሄድ የኋላ ጎማውን የሚያስረው ዳዶ ላልቶ ጎማው ወለቀ። መንደሩ ቀኑ ደርሶ ነው አለ፤ የነፍስ አባቷም ይህንኑ ብለው አጽናኗት። የዚያን ቀን ጧት ዳዶውን ያጠበቀችው እሷ መሆኗን ለእሳቸውም ትንፍሽ አላለች። ሞተሩ ከጓሮው ዳስ ሸራ ለብሶ ቆመ። በዚያ ባለፈች ቁጥር፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ፣ ዳዶ ቀስ እያለ ሲፈታ ይሰማታል። ሸራውን ገልጣ ታያለች፤ ምንም የለም። ዘወር ስትል ደግሞ ይጀምራል። ፈርታለች፤ ምን ይደበቃል።

ልጇ ፀደይ ይፋግ አጠገብ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዘንድሮ መንገዱ ቢያንገላታት የአባቷን ሞተር አስጠግና ልትነዳ ተነሳች። እናት ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች፤ ልጅት ፍንክች አላለችም። ሸዋነሽ ሲያቅታት አንድ ነገር ብቻ አስገደደቻት፤ የዳዶውን ጥብቀት ለክቶ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚናገር ቁልፍ ሳይገዛ ጎማው አይታሰርም።

መለዋወጫ የሚሸጠው አለኸኝ አራት ቁልፍ አወጣ። አንደኛው ልኩ መመርመሩን የሚመሰክር ወረቀት ያለው ነው፤ ዋጋውን ሲሰሙ ወደ ሳጥኑ አስመለሱት። ሁለተኛው ረጅም የጭነት መኪና ቁልፍ ነው፤ አለኸኝ ርዝመቱን እያወደሰ ሊሸጥላቸው ሞከረ። ፀደይ ግን ቁጥሩን አየች፤ ከሰባ ይጀምራል። የሞተሩ መመሪያ ለኋላ ጎማ ዳዶ የሚያዘው ጥብቀት ስድሳ ኒውተን ሜትር ነው። ሁለት አጫጭር፣ ርካሽ ቁልፎች ቀሩ።

ሸዋነሽ በቀለም የተጻፈ ቁጥር አታምንም። በምን እንደሚመዘኑ ልጇን ጠየቀቻት። ፀደይ ጥቂት አሰበችና ቁልፉን ስድሳ ላይ አድርጎ ጫፉን በብረት መቆንጠጫው በሞርሳ መያዝ፣ እጀታው ላይ ከጫፉ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ርቆ ጆንያ ማንጠልጠል ነው አለች፤ ቁልፉ ልክ ከሆነ ጆንያው ሃያ ኪሎ ሲሞላ ቀጭ ይላል። ሩዝ መጣ። ሸዋነሽ በጣሳ እየጨመረች፣ እየመዘነች ሞከረች። የመጀመሪያው በአሥራ አራት ኪሎ ቀጭ አለ።

«ይኸ ቀጣፊ ነው» ብላ ለአለኸኝ መለሰችለት። ሌላው ለሃያ ኪሎ አንድ እፍኝ ሲቀረው ተናገረ። እሱን ገዙ።

ቤት ሲደርሱ ፀደይ መመሪያውን ልታመጣ ገባች። ሸዋነሽ ብቻዋን ከዳሱ ቀረች። የደስታውን አሮጌ ቁልፍ አነሳችና በእጅ ብቻ ተገጥሞ የቆየውን የጎማውን ዳዶ ያን ጊዜ እንዳደረገችው አጠበቀች፤ የእጇ አንጓ እምቢ እስኪል። ከዚያ አዲሱን ቁልፍ ስድሳ ላይ አድርጋ ገጠመችው። እጇ ያኔ ልክ ከነበረ ዳዶው ሳይነቃነቅ ቁልፉ ቀጭ ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ እግዜርን የለመነችው ይህንኑ ነው።

ዳዶው ዞረ። ገፋችው፤ አሁንም ዞረ። ቀጭ ያለው ግማሽ ዙር ካለፈ በኋላ ነው።

ፀደይ ስትመለስ እናቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

«አባትሽን የገደልሁት እኔ ነኝ» አለቻት። ማጭድ እጁን ቆርጦት እንደነበር፣ ዳዶውን እኔ ልሰርልህ ብላ ቁልፉን እንደቀማችው፣ ጠብቋል ወይ ሲላት አዎ እንዳለችው ሳታስቀር ነገረቻት።

ፀደይ መመሪያውን ኮርቻው ላይ አኖረች። አላለቀሰችም፣ አላጽናናችም። ተንበረከከችና ዳዶውን እስከ መጨረሻው ፈታችው። አዲሱን ቁልፍ ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ነገ ጧት ክፍል አለብኝ። አንች እሰሪልኝ።»

«እጀ አይታመንም፣ ልጀ።»

«እኔ አምኘዋለሁ።»

ሸዋነሽ ቁልፉን ገጥማ ሳበች። እንባዋ ዳዶውን ቢጋርድባትም ሳበች። ቁልፉ ቀጭ አለ። ፀደይ በቃ፣ ልክ ነው አለቻት። የእናቷ ጣቶች ግን እጀታውን አልለቅ አሉ፤ ፀደይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።